የተፈጥሮ ክበብ ዘገባ፦ የፕሬሪዋ አበባና የአደይ አበባ ዝምድና

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ አበባ ላይ ነው የከረመው፣ እኔ ደግሞ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እዚሁ ሚኒሶታ ፕሬሪው (ዛፍ የሌለበት ሰፊ የሣር ሜዳ) ላይ ሰመር ሲገባ የምትፈካ ቢጫ አበባ አለች፣ ሳይንሳዊ ስሟ ኮርዮፕሲስ ፓልማታ፣ በ1818 እ.ኤ.አ. ቶማስ ነታል የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ነው ስሙን ያወጣላት። ልጆቹ ፎቶዋን ቤት ወስደው ሲያሳዩ ወላጆች በሙሉ "እንዴ፣ ይቺ አደይ አበባ አይደለችም?" ነው ያሉት።

አደይ አይደለችም፣ ግን ወላጆቻችን ብዙም አልራቁም።

አንድ ወላጅ ጓሯቸው ተክለዋት ስለነበር አበባውንም ፍሬውንም አድርቀው ሰጡንና በማጉያ መነጽር እያየን በታተንነው። ልጆቹን በጣም የገረማቸው አንድ አበባ ያሉት ነገር ብዙ አበባ መሆኑ ነው፣ ዳር ዳር ያሉት ስምንት ቢጫ "ቅጠሎች" እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባ ናቸው፣ መሀል ላይ ያሉት ደቃቅ ቱቦዎችም እንደዛው፣ ፍሬ የሚያፈሩትም እነዚህ የመሀሎቹ ናቸው። ሱፍም ኑግም ግራዋም አሪቲም እንዲህ ያለ አበባ ባለው በዚሁ የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ነው ያሉት።

ከዛ ወደ ፍሬው ሄድን፣ አደይና ይቺ አበባ ምን ያህል ይዛመዳሉ የሚለው ክርክር ያለው እዛ ጋ ነዋ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ኮርዮፕሲስንም ባይደንስንም ሁለት የተለያዩ ወገኖች አድርጎ መዘገባቸው፣ ከዛ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚለዩት በአብዛኛው በፍሬያቸው ነበር፣ ዳሩ ክንፍ ካለው ኮርዮፕሲስ፣ ጫፉ ላይ ልብስ የሚይዝ እሾህ ካለው ባይደንስ። አደይ አበባ ከምንላቸው የሀገራችን አበቦችም ድሮ ኮርዮፕሲስ የተባሉ አሉ፣ ማለትም ከዚህችው ከሚኒሶታዋ ጋር አንድ ወገን ነበሩ! በኋላ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መስፍን ታደሰ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስራም ከዛም ወዲህ የአፍሪካዎቹ ወደ ባይደንስ ተዛወሩ፣ ክንፉ ብቻውን ለመለየት አይበቃም ማለት ነው። የዲኤንኤ ጥናት ሲመጣ ደግሞ የአሜሪካዎቹም ኮርዮፕሲሶች አንድ ቅርንጫፍ ላይ እንደማይሰበሰቡ፣ ከባይደንስ ጋር እንደተቀላቀሉ ታየ። አንዷ ተማሪ "ታዲያ ስሙ ገና ሊቀየር ይችላል?" አለችኝ፣ አዎ ይችላል፣ እኔ ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው።

ሜይ መጨረሻ ላይ ፕሬሪ ሄደን ገና ሳታብብ በቅጠሏ ብቻ ለይተው አገኟት፣ እንደ ጣት ሶስት ቦታ የተከፈለች ጠባብ ቅጠል ናት። ሚኒሶታ ውስጥ ድሮ 18 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ፕሬሪ ነበር፣ አሁን የቀረው ከ1 ፐርሰንት ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ አብዛኛው ታርሶ በቆሎና አኩሪ አተር ሆኗል፣ ስለዚህ እዛ ምንም እንዳይቀጥፉ አጥብቄ ነግሬያቸው ነበር ማንም አልነካም። ዘሩን ከዛው ከጓሮው ነው ያገኘነው፣ ብርድ ካላየ በደንብ ስለማይበቅል ዊንተሩን እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርገን ፍሪጅ አቆየነው፣ አሁን አጥር ስር በቅሏል፣ በመጀመሪያው ዓመት ግን ብዙውን ጊዜ አያብብም።

ለመጪው ዓመት ወላጆችን አንድ ነገር እንለምናለን፣ ለመስከረም ሀገር ቤት የምትሄዱ አደይን ፎቶ ስታነሱልን ቅጠሉንም አንሱት፣ ቆይታችሁ ፍሬ ከያዘ ደግሞ ፍሬውን ከቅርብ፣ የአበባው ፎቶ ብቻ ከሆነ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ልጆቹ መለየት አይችሉም።