«ሸሞንሟናዬ»ን ለብቻው አስቀምጡልኝ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ኪቦርድ ዘመን ዘፈኖች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ባንዱ ቀርቶ ሁሉም በአንድ ኪቦርድ የተሠራበትን ያን ዘመን መንቀፋቸው ልክ ነው። እኔም ያን ዘመን አልወደውም። የክብር ዘበኛንና የፖሊስን ኦርኬስትራ እየሰማ ያደገ ጆሮ፣ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ጠፍተው አንድ ኪቦርድ ብቻውን ሲጮህ አይለምድለትም። ምክንያቱ ይገባኛል። የደርግ ሰዓት እላፊ የምሽት ቤቶችን አዳከመ። ለስምንት ተጫዋች ከመክፈል ለአንድ መክፈል ደግሞ ይቀላል። እዚህ ሐዋሳም በየሰርጉ የምንሰማው እሱኑ ነው። ከበሮው የማሽን፣ ዋሽንቱ የማሽን፣ ማሲንቆው ሳይቀር የማሽን።

የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹን የኃይሉ መርጊያን ሙዚቃ «ሸሞንሟናዬ»ን ከዚህ ጋር መደመራቸው ግን ግፍ ነው።

እርግጥ ነው፣ እሱም በማሽን የተሠራ ነው። ኃይሉ የነበረበትና አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ፣ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ ገባ። አብሮት የሚጫወት ባንድ የለም። ኪቦርዶቹን፣ ያማሃውን፣ ሙጉን፣ ሮድሱን፣ ራሱ ተራ በተራ ተጫውቶ ቀዳ፤ ከበሮውን ማሽን መታለት። ከዚያ በልጅነቱ የተማረውን፣ ፋሽኑ ያለፈበትን አኮርዲዮን ደረበበት። እኔን የገዛኝ ይሄ ነው። አኮርዲዮን አየር ስቦ፣ አየር አስወጥቶ ነው የሚጮኸው። ከበሮው ሳይዛነፍ ይመታል፤ አኮርዲዮኑ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ያመነታል፣ ደግሞ ይደርስበታል። ሌላው ተጫዋች ለመቀነስ ብሎ ያመጣውን ማሽን ኃይሉ ሰው ስላጣ ነው የተጠቀመበት። ስሰማው ያ ብቸኝነት ይሰማኛል። ከዚያ ዘመን ሌላ አንድም ሥራ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያደንቀው፣ ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ነበር። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ከተማ የሚሰማ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ይህን ሙዚቃ የማስታወቂያ ማጀቢያ አድርጎታል። የሚከራይ ቤትና የጠፋ መታወቂያ ይነበብበታል። ዜማው ከፍ ማለት ሲጀምር ቆርጠው ወደ ዜና ይገባሉ። በጣም ያናድደኛል። ቃላችሁ ይሰማልና ንገሩልኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያጫውቱት፤ ሲያልቅም የሙዚቀኛውን ስም ይጥሩ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ