ለክረምቱ ባለውለታዎቻችን፦ ከአንዲት የጎንደር መምህርት የምስጋና መልእክት

ይድረስ በዚህ ክረምት ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ልጆቻችንን ላስተማራችሁ ሁሉ።

እንደምን ሰነበታችሁ? ፕሮግራማችን ካለቀ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ይህን መልእክት በማግስቱ መጻፍ ነበረብኝ። ግን በጀመርኩት ቁጥር «እገሌን ረሳሁት» እያልኩ ስተወው ቆየሁ። አሁንም የምዘለው ሰው አይጠፋም። ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለማታውቁን በአጭሩ ልንገራችሁ። ጎንደር ውስጥ ካሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ 40 ተማሪዎች ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ቡሄ ዋዜማ ከጤና ባለሙያዎች ጋር ዋሉ። ጠዋት ትምህርት አላቸው። ከሰዓት በኋላ በቡድን በቡድን እየሆኑ ባለሙያዎቹን ሥራ ቦታቸው ላይ ያያሉ። ክፍያ የሚባል ነገር የለም፤ ለተማሪም፣ ለአስተማሪም። ነገሩን ያሰቡት ጥቂት የጤና ባለሙያዎችና ወላጆች ናቸው። እኔን የጠሩኝ ልጆቹን እንዳስተባብር ነው። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ።

የመጀመሪያው ቀን «ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብለን ጠየቅናቸው። 37ቱ «ዶክተር» አሉ። አልፈረድኩባቸውም። እኛ ዘንድ ልጅ ጎበዝ ከሆነ ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለ ጎረቤቱ «ዶክተሬ» እያለ ነው የሚጠራው። ልጁም ሌላ መንገድ እንዳለ ሳይሰማ ያድጋል። በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ዓመት ታላቅ እህቱ ስታለቅስ ያየ ልጅ «ዶክተር ካልሆንኩ አለቀልኝ» ብሎ ቢፈራ ምን ይገርማል? ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ኢንጂነር አሉ። አንዷ ደግሞ «እኔ እንጃ» አለች። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የማመሰግነው ዕድራችንን ነው። ቃል የተገባልንን አዳራሽ ዋዜማው ምሽት ላይ ተከለከልን። ምክንያቱን እስካሁን የነገረን የለም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንባዬን እየጠረግሁ የዕድሩ ዳኛ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ገና ቁጭ ሳልል «ድንኳኑ አለ አይደል እንዴ!» አሉኝ። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አደረ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። አግዳሚ ወንበሮቹ ተደርድረዋል። ዙሪያውን የውኃ መውረጃ ቦይ ተቆፍሯል። ለለቅሶ በገዛነው ድንኳን ሥር 40 ልጆች ስለ ልብና ሳንባ ተማሩ። በዚያ ዝናብ የቆፈራችሁ ጎረምሶች፣ የማን ልጆች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። እደጉ።

በመክፈቻው ቀን የመጡልን ጡረተኛ ጤና መኮንን «ስሜን እንዳታነሺ» ብለውኛል። ቃላቸውን አከብራለሁ። ግን የተናገሩትን ልጻፈው፤ ወሩን ሙሉ ከልጆቹ አፍ አልጠፋም። ጃንጥላቸውን ወንበሩ ላይ አንጠልጥለው በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጀመሩ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የጎንደር ልጅ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ እንግሊዞች በሕፃንነታቸው ይዘዋቸው ሄዱ። ሕንድ አገር አደጉ፣ ሕክምና ተማሩ። ከዓድዋ በኋላ አገራቸውን ፈልገው መጡ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ።

ከዚያ ጠየቋቸው። «እዚህ ጎንደር የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ማንን ነው ያሠለጠነው?» ሁሉም በአንድ ድምፅ «ዶክተር!» አሉ።

«አይደለም» አሉ ጋሼ። «ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ነው።»

ኮሌጁ ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ደንቢያ ላይ ወባ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። የተፈለገው ያንን የሚገታ ሰው ነው። የሚያክም፣ ምንጭ የሚያጎለብት፣ ሽንት ቤት የሚያስቆፍር፣ ቤት ለቤት የሚዞር፤ ሁሉም በአንድ ቡድን። የሐኪሞች ትምህርት የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው፤ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር። «እንግዲህ እስከዚያ ድረስ ከዚህ ግቢ እየወጡ ሕዝቡን ሲያድኑ የኖሩት እነማን ናቸው?» አሏቸው። ማንም አልመለሰም። ዝናቡ ብቻ ድንኳኑን ይደበድብ ነበር።

አሁን ወደ ላብራቶሪው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

19 ዓመት ሙሉ የወባን ተውሳክ በጠመኔ ሥያለሁ። ትንሽ ቀለበት፣ ጫፉ ላይ ነጥብ። ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ ይሥላል፣ ማርክ ያገኛል። እኔ ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ስማር ማይክሮስኮፑ አንድ፣ እኛ ሃምሳ ነበርን፤ ወረፋው ሳይደርሰኝ ሰዓቱ አለቀ። የምሠራበት ትምህርት ቤት ያለው ማይክሮስኮፕ ደግሞ ተበላሽቶ ዕቃ ቤት ከገባ ቆይቷል።

የላብራቶሪ ባለሙያው ወንድማችን ሥራውን ከሀ ጀምሮ አሳያቸው። የራሱን ጣት ወጋ። አንዱን ጠብታ ደም ስላይዱ ላይ በክብ አዙሮ ወፍራም አደረገው። ሌላውን በሌላ ስላይድ ጠርዝ ጎትቶ ስስ አደረገው። ስሱን ሜታኖል አስነካው። ወፍራሙን ተወው። «ለምን ተውኩት?» አላቸው። ዝም አሉ። «ወፍራሙ ላይ ቀይ የደም ሴሎቹ እንዲፈነዱ እፈልጋለሁ። ያኔ ብዙ ደም በአንዴ አያለሁ። ተውሳኩ መኖር አለመኖሩን እሱ ይነግረኛል። ስሱ ደግሞ ዓይነቱን ይለይልኛል።» ጊምሳ ቀለም ውስጥ ነክሮ አሥር ደቂቃ አስጠበቃቸው። አጠበው፣ አደረቀው። ከዚያ ለማስተማሪያ የተቀመጠ፣ ተውሳክ ያለበት ስላይድ አወጣ። ይሄኔ መብራት ሄደ።

ልጆቹ «ውይ!» አሉ። እሱ ግን ከቁም ሳጥን አናት ላይ መስታወት ያለው የድሮ ማይክሮስኮፕ አወረደና መስኮቱ ሥር አስቀመጠው። የነሐሴ ሰማይ ነው፤ አመድ መስሏል። ጠበቅን። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር መስታወቱን ወደ ብርሃኑ ያዞርና «ቶሎ! ቀጣይ!» ይላል። ያን ቀን ተረኛ የነበሩት አሥር ልጆች እንዲህ ተራ በተራ አዩ።

ከደንቢያ የመጣችው ልጅ ዓይኗን አስጠግታ ብዙ ቆየች። ቀና ብላ «ቲቸር፣ እናቴን የጣለቻት ይቺ ናት?» አለችኝ። መመለስ አቃተኝ። «አዎ፣ ይቺ ናት። አሁን አወቅሻት» አላት እሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «መምህር፣ እርስዎስ አያዩም?» አለኝ።

አየሁ። ሰማያዊ ቀለበት፣ ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ። እንደምሥለው ነው። ግን በጣም ትንሽ ናት። እንባዬ ሌንሱ ላይ እንዳይወድቅ ፊቴን አዞርኩ። ወንድሜ፣ አንተ ያን ቀን ዝም ብለህ ሥራህን የሠራህ ይመስልሃል። ለእኔ ግን የ19 ዓመት ዕዳዬን ነው የከፈልክልኝ።

አዋላጇ ሲስተር፣ አንቺንስ ምን ብዬ ላመስግንሽ? ከወገራ ለእርግዝና ክትትል የመጣችውን ሴት ያነጋገርሽበትን መንገድ አልረሳውም። አጠገቧ ቁጭ ብለሽ «እነዚህ ተማሪዎች ናቸው። የልጅሽን ልብ ቢሰሙ ትፈቅጃለሽ? ባትፈቅጂም ሕክምናሽ አይጎድልብሽም» አልሻት። ሴትዮዋ ልጆቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «ሴቶቹ ይስሙ» አለች። ወንዶቹ ማንም ሳያዛቸው ወጡ።

ጡሩንባ የምትመስለውን የፅንስ ማዳመጫ ሆዷ ላይ አሳርፈሽ ቦታውን ፈለግሽ። ካገኘሽው በኋላ የጠራሻት ያቺን «እኔ እንጃ» ያለችውን ልጅ ነው። ጆሮዋን አስጠጋች። መጀመሪያ ምንም አልሰማችም። «ትንፋሽሽን ያዢ» አልሻት። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ጣቷ አልጋው ጠርዝ ላይ በራሱ ጊዜ መምታት ጀመረ፤ ቶሎ ቶሎ፣ ቶሎ ቶሎ። ሰዓት ይዘሽ አስቆጠርሻት። 140 መጣ። «በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ከሆነ ደህና ነው» አልሻት። እናትየው ከተኛችበት «ምን አላችሁ? ደህና ነው?» ብላ ጠየቀች። አንቺ ዝም አልሽ። ልጅቷ ራሷ እንድትነግራት ፈልገሽ ነው። «ደህና ነው፣ እናቴ። መቶ አርባ ይመታል» አለቻት።

የወገራዋ እህቴ፣ ስምሽን አላውቅም። ይህ መልእክት ይደርስሽ እንደሆነም አላውቅም። ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ሕመማቸው ሳያንሳቸው ልጆቻችን አጠገባቸው እንዲቆሙ የፈቀዱ ታካሚዎችን ሁሉ በአንቺ በኩል አመሰግናለሁ። እነሱ እምቢ ቢሉ ኖሮ ፕሮግራሙ ድንኳን ውስጥ ይቀር ነበር።

ስለ ካላዛር ያስረዳን ነርስ ወንድማችን፣ የተናገርከው እቤት ደርሷል። ብዙዎቹ ልጆች ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራና መተማ የሚወርድ ዘመድ አላቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ እንደሆነች አያውቁም ነበር። ትኩሳቱ ሲቆይ፣ ሰውነት ሲከሳ፣ ጣፊያ ሲያብጥ ዝም ብሎ «ወባ ነው» ማለት እንደማይገባ ነገርካቸው። ካልታከመ እንደሚገድልም አልደበቅካቸውም። አንዱ ልጅ ያን ዕለት ማታ መተማ ላለው ወንድሙ ደውሎ ሁሉንም አንድ በአንድ ነግሮታል።

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ መጀመሪያ «እኔ ደሞ ምን አስተምራለሁ?» ብለው ነበር። ግማሽ ሰዓት አስተማሩ። ጥቁሩ ቅርጫት ለምን እንደሆነ፣ ቢጫው ለምን እንደሆነ። ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ሳይመለስ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ እንደሚገባ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ እንደሚበጠበጥ። «ሐኪሙ ቢሰፋው፣ እኔ ክፍሉን ካላጸዳሁት ያመረቅዛል» አሉ። ልጆቹ ተነሥተው አጨበጨቡላቸው። እትዬ ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከጭብጨባው በኋላ ብዙ ልጆች ኮሪደሩ ላይ ሲያገኟቸው ጎንበስ ብለው ሰላም ሲሏቸው አይቻለሁ።

ሌሎቻችሁንም በአጭሩ። ጾሙ ፍልሰታ ስለነበር የቁስል ስፌትን በሥጋ ፈንታ በሙዝ ልጣጭ ያስተማራችሁ ኢንተርኖች (ተለማማጅ ሐኪሞች)፣ ከአዳር ተረኝነት ወጥታችሁ ሳትተኙ እንደመጣችሁ እናውቃለን። ቁስል ሲታጠብ አይቶ ራሱን የሳተውን ልጅ አስተኝተሽ እግሩን ከፍ ያደረግሽለት ሲስተር፣ «እኔም በመጀመሪያ ቀኔ ወድቄአለሁ» ባትዪው ኖሮ በማግስቱ አይመለስም ነበር። ለአርባ ልጅ ሽሮና ምስር ያደረሳችሁ እናቶች፣ እጃችሁ ይባረክ። ዝናቡ ሲጠና የአዘዞ ልጆችን በነፃ ያደረሳችሁ የባጃጅ ሾፌሮች፣ መንገዳችሁ የቀና ይሁን።

ወላጆችንም አመሰግናለሁ። በተለይ አንድ አባትን። ሴት ልጃቸው ላብራቶሪ መማር እንደምትፈልግ ስትነግራቸው «ዶክተርነቱስ?» ብለው እኔ ጋ መጡ። ተቆጥተው ነበር። ላብራቶሪው ድረስ ወሰድኳቸው። ባለሙያው የሚሠራውን ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩ። ሲወጡ «ለካስ ሐኪሙም የሚጠብቀው ይሄን ሰው ነው» አሉኝ። እንደዚህ መጥቶ የሚያይ አባት ይብዛልን።

በመጨረሻ ባዮሜዲካል ባለሙያው። ይህ ሙያ እንዳለ ከልጆቹ የሚያውቅ አልነበረም። የኦክስጅኑን መሣሪያ፣ የጨቅላ ሕፃናቱን ማሞቂያ የሚጠግነው እሱ ነው። ስለ ትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ ሰምቶ ኖሮ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳውን ይዞ መጣ። ማንም አላዘዘውም። ሁለት ተማሪዎች አጠገቡ አስቀምጦ ፈታታው። ብሎኖቹን ቡና ስኒ ውስጥ አጠራቀሙ። ሌንሱ ሻጋታ ይዞ ነበር፤ በአልኮልና በጥጥ ጠረገው። መስታወቱ ተሰንጥቆ ነበር፤ ፒያሳ ሄዶ በራሱ ገንዘብ አስቆርጦ መጣ። ስምንት ሰዓት ላይ የሽንኩርት ልጣጭ አስቀምጦ «እስቲ ይዩ» አለኝ። ሴሎቹ እንደ ግንብ ጡብ ተደርድረው ታዩኝ።

ያ የላብራቶሪ ወንድማችን ደግሞ በመዝጊያው ቀን አንድ ነገር እጄ ላይ አኖረ። የወባ ስላይድ ነው። በጥጥ ጠቅልሎ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ አድርጎታል። አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ትምህርት ሲከፈት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬ ከ10ኛ «ለ» ጋር ነው። መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ከአሁኑ አስለቅቄዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የባዮሎጂ መምህርቷ
ጎንደር