የቤት ዋይፋይ ሲደክም ወይም ሲቋረጥ መጀመሪያ ምን መታየት አለበት?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ የቤት ዋይፋይ አተካከልንና ሲበላሽ የሚደረግ ምርመራን ይመለከታል

ድርጅታችን በአዲስ አበባ በመኖሪያ ቤቶችና በአነስተኛ ቢሮዎች ኬብል የሚዘረጋ፣ ራውተር የሚተክልና ብልሽት የሚጠግን እንደመሆኑ መጠን፣ በየዕለቱ የሚደርሱን ጥሪዎች በአመዛኙ «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ወይም «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» የሚሉ ናቸው። ቤታችሁ ድረስ መጥተን ስናየው ግን ከውጭ የሚገባው መስመር ደህና ሆኖ፣ ጉድለቱን ከሞደሙ እስከ ስልካችሁ ባለው ርቀት ላይ የምናገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። መስመሩ ከተበላሸ የሚጠግነው አገልግሎቱን የሚሰጣችሁ የቴሌኮም ድርጅት ነው፤ ዋይፋዩ ከደከመ ግን ብዙውን ጊዜ እናንተው ራሳችሁ ያለ ምንም ወጪ ልታስተካክሉት ትችላላችሁ። ሁለቱን ሳይለዩ ባለሙያ መጥራት ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም ስለሚያባክን ይህን ደብዳቤ ጽፈንላችኋል።

መለያው መንገድ አስቸጋሪ አይደለም። ላፕቶፕ ያለው ሰው በኔትወርክ ኬብል በቀጥታ ከሞደሙ ጋር ያገናኘው፤ የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፋ፤ ሌሎች ስልኮችና ቴሌቪዥኑም ለጊዜው ከዋይፋዩ ይውጡ፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን ይለካ። በኬብል የተገኘው ፍጥነት ከተዋዋላችሁት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ፣ መኝታ ቤት ገብታችሁ በስልክ ስትለኩት ግን የሚያሽቆለቁል ከሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ መስተካከል ያለበት ዋይፋዩ ነው። በኬብልም ፍጥነቱ ያው ዝቅተኛ ከሆነ ግን ጉድለቱ ከመስመሩ ሊሆን ስለሚችል ሞደሙን ከቦታ ቦታ ማዘዋወሩ ፋይዳ የለውም። ላፕቶፕ በሌለበት ቤት ከሞደሙ አንድ ሁለት ሜትር ርቆ በስልክ መለካትም ይቻላል፤ የኬብሉን ያህል ባያስተማምንም አቅጣጫውን ያሳያል። ስትለኩ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው፣ የውል ፍጥነት የሚነገረው በሜጋ ቢት ሲሆን የፋይል መጠን የሚነገረው በሜጋ ባይት መሆኑን ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10 ሜጋ ቢት የተዋዋለ ቤት በሰከንድ ማውረድ የሚችለው ቢበዛ 1.25 ሜጋ ባይት ነው፤ ስለዚህ 700 ሜጋ ባይት የሆነ ፊልም ከ9 ደቂቃ በላይ ቢወስድ ብልሽት አለ ማለት አይደለም።

ኢንተርኔት ጭራሹን በጠፋ ጊዜ ግን ወርሃዊ ክፍያው መከፈሉን ካረጋገጣችሁ በኋላ ቀድሞ መታየት ያለበት የሞደሙ መብራት ነው። ፋይበር (ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያመጣው ቀጭን ገመድ) የገባላችሁ ደንበኞቻችን ሞደሙ ላይ «ፖን» (PON) እና «ሎስ» (LOS) ተብለው የተጻፈባቸውን ሁለት መብራቶች ታገኛላችሁ። «ፖን» የሚለው አረንጓዴ ሳይርገበገብ ከበራ ሞደሙ ከቴሌኮሙ ማዕከል ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው፤ «ሎስ» የሚለው ቀይ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ ሞደሙ ዘንድ እየደረሰ አይደለም። ቀዩ መብራት በሚታይበት ሰዓት የይለፍ ቃል መቀየርም ሆነ ስልክን ማጥፋትና ማብራት ለውጥ አያመጣም። በእናንተ በኩል የሚቻለው ከግድግዳው ሳጥን እስከ ሞደሙ ያለችውን ቀጭን ገመድ ዳር እስከ ዳር መመልከት ነው። የፋይበር ውስጡ ብርጭቆ ነው፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት መሐሉም 9 ማይክሮ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ የሶፋ እግር ሲጫነው፣ በር ሲቆነጥጠው ወይም ትርፉ ገመድ ጠብቆ ሲታሰር ብርሃኑ ይባክናል። ትርፍ ገመድ ካለ ሰፋ አድርጋችሁ በክብ ጠቅልሉት። የተነቀለ የፋይበር ጫፍ ውስጥ ግን አትመልከቱ፣ ልጆችም እንዳይነኩት ተጠንቀቁ፤ ጨረሩ ስለማይታይ ምንም የሌለ ይመስላል እንጂ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ገመዱ ተስተካክሎም ቀዩ ካልጠፋ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 ደውላችሁ ብልሽቱን አስመዝግቡ፤ በዚህ ጉዳይ እኛ ዘንድ መደወል አያስፈልጋችሁም።

አጥብቀን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ሞደሙን በማብሪያ ማጥፊያው አጥፍቶ ጥቂት ቆይቶ ማብራት ምንም አይጎዳም፤ ብዙ ጊዜም ይረዳል። ከኋላ በኩል ባለችው ቀዳዳ መርፌ አስገብቶ የሚጫኑት «ሪሴት» ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ይህ ሞደሙን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል፤ አገልግሎት ሰጪው ያስገባውን የመገናኛ ስምና የይለፍ ቃል አብሮ ሊደመስስ ስለሚችል፣ በዋይፋይ ድካም ብቻ የተጀመረው ችግር ኢንተርኔት በሌለበት ቤት ይጠናቀቃል። እባካችሁ እኛን ወይም አገልግሎት ሰጪውን ሳታማክሩ ቀዳዳዋን አትንኩ።

ወደ ዋይፋዩ ስንመለስ፣ ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው የሞደሙ ቦታ ነው። በብዙ ቤት ሞደሙ የሚቀመጠው ገመዱ በገባበት ጥግ፣ አለዚያም እንዳይታይ ተብሎ ቡፌ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። ቴሌቪዥኑ በጀርባው የብረት ሽፋን ሞገዱን ይከልላል፤ የቡፌው መስታወትም ብር የተቀባ ከሆነ ሞገዱን ይመልሰዋል። ሞደሙን ከቡፌው አናት ላይ ወይም ከወገብ በላይ በሆነ መደርደሪያ ላይ ማውጣት፣ ከተቻለም በረዘመ ገመድ ወደ ቤቱ መሐል ማምጣት፣ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት ይቀድማል። የኮንዶሚኒየም ኮንክሪትና በውስጡ ያለው ብረት ሞገድን በእጅጉ ያደክማል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ጨርሶ ይመልሰዋል። ግቢ ውስጥ ካለው ቪላ ወደ ሰርቪስ ቤት ዋይፋይ አልደርስ የሚለውም ርቀቱ በዝቶ ሳይሆን የሰርቪሱ ግድግዳና ጣሪያ ቆርቆሮ ሆኖ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ በግቢው በኩል ኬብል ተዘርግቶ እዚያው ሁለተኛ ራውተር ቢተከል ይሻላል፤ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ያደርሳል። ያለ ኬብል ሞገዱን ተቀብለው የሚያስተላልፉት ማራዘሚያዎች ዋጋቸው ቢያጓጓም፣ በአንድ ሞገድ ብቻ ሲሠሩ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ስለሚቀንሱት ኬብል በሚቻልበት ቤት አንመክራቸውም።

አብዛኞቹ አዳዲስ ሞደሞች በሁለት ዓይነት ሞገድ፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። 2.4 ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት ሁሉ የሚጠቀመው እሱን ስለሆነ ይጨናነቃል፤ ማይክሮዌቭ ምድጃም በሚሠራበት ጊዜ ያውከዋል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ግን ከአንድ ሁለት ግድግዳ በኋላ ይዳከማል። ሳሎን ያለውን ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ በ5፣ ራቅ ያለውን ክፍል በ2.4 ማገናኘት ጥሩ ነው። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች (ሞገዱ የተከፋፈለባቸው መስመሮች) 1፣ 6 እና 11 ብቻ በመሆናቸው፣ ከእነዚህ ውስጥ ጎረቤት ያልበዛበትን መምረጥ ይገባል። ቻናሉን ለመቀየር ከሞደሙ ጋር የተገናኘ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ ድረ ገጽ በምትከፍቱበት ብራውዘር ውስጥ በሞደሙ ጀርባ የተለጠፈውን አድራሻ ማስገባት ነው፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው።

ሁለተኛ ራውተር በራሳችሁ ገዝታችሁ የምትሰኩ ደንበኞች «ዋይፋዩ ይይዛል፣ ግን ኢንተርኔት የለም» የሚል ቅሬታ ያጋጥማችኋል። ምክንያቱ ሁለቱም መሣሪያዎች ራሳቸውን 192.168.1.1 ብለው እየጠሩ፣ ለስልኮቹም ሁለቱም አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚለይበትን ቁጥር) ማደላቸው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ራውተር 192.168.1.2 ብላችሁ «ዲኤችሲፒ» (DHCP) የሚባለውን አድራሻ ማደያውን አጥፉ፤ ኬብሉንም ለብቻዋ ካለችው «ዋን» (WAN) ከምትባለው ቀዳዳ ነቅላችሁ «ላን» (LAN) ከሚሉት በአንዱ ሰኩት። ከዚያ በኋላ አድራሻ የሚያድለው ሞደሙ ብቻ ይሆናል። በተቃራኒው የላፕቶፑ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከማንም አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ኬብሉንና ሞደሙን እንደገና ተመልከቱ።

ስለ መብራትም ማንሳት ግድ ይላል። አንዲት ደንበኛችን ኢንተርኔቱ ሁልጊዜ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት እንደሚጠፋ ነግረውን ሄደን ስናይ፣ ሞደሙ የተሰካው የኤሌክትሪክ ምጣዱ በሚጠቀምበት መስመር ላይ ባለ የላላ ሶኬት ነበር። ምጣዱ ሲለኮስ የኤሌክትሪኩ ኃይል ይወርድና ሞደሙ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል፤ ተነሥቶ እስኪገናኝም ደቂቃዎች ይወስዳል። ሶኬቱ ተቀይሮ ሞደሙ ወደ ሌላ መስመር ሲዛወር ችግሩ ቀረ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሞደም የሚሆን 12 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ መግዛት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከመግዛታችሁ በፊት የሞደሙ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፣ አምፔሩ ግን እኩል ወይም የበለጠ ሊሆን ይችላል። ያለ ባትሪም ቢሆን መብራት በሄደ ጊዜ አዳፕተሩን ነቅሎ፣ መብራቱ ተመልሶ ሲረጋጋ መሰካት ሞደሙን ከድንገተኛ የኃይል መጨመር ያተርፋል።

የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ከስልክ ቁጥርና ከልጅ ስም የተለየ፣ ቢያንስ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው ይሁን፤ የመቆለፊያው ዓይነት «ደብሊውፒኤ 2» ወይም መሣሪያዎቻችሁ የሚቀበሉት ከሆነ «ደብሊውፒኤ 3» ይሁን፤ በአንድ ቁልፍ የሚያገናኘው «ደብሊውፒኤስ» ደካማ ስለሆነ አጥፉት። ለተከራይና ለእንግዳ የተለየ የእንግዳ ዋይፋይ መክፈት ይቻላል፤ ይህ ሲሆን ዋናውን የይለፍ ቃል ለማንም መስጠት አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ መፍትሔ ካላገኛችሁ ስትደውሉልን የትኛው መብራት በምን ቀለም እንደሚበራ፣ በኬብል የለካችሁት ፍጥነት ስንት እንደሆነ፣ ችግሩ በሁሉም ስልክ ላይ ነው ወይስ በአንዱ ብቻ፣ በሁሉም ሰዓት ነው ወይስ ማታ ማታ የሚለውን ንገሩን። የሞደሙን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም ብትልኩልን፣ ባለሙያችን የሚያስፈልገውን ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ በጀርባው ላይ የተጻፈውን የይለፍ ቃል ግን ፎቶው ላይ ሸፍኑት።

ከሰላምታ ጋር፣

የድርጅቱ የቴክኒክ ክፍል
አዲስ አበባ