የተፈጥሮ ጉዞ ክበብ ዘገባ፦ ቢላዋ የመረጥንበት ዓመት

ክበባችን በዚህ ዓመት ካከናወናቸው ሥራዎች መካከል የችግኝ ተከላውና የፋሲል ግቢ ጉብኝቱ በየዓመቱ የሚታወቁ በመሆናቸው አልቆይባቸውም፤ ይህን ገጽ የምሰጠው አብዛኛውን የክበብ ሰዓታችንን ለወሰደው ሥራ፣ ይኸውም ለመስክ ጉዞ የሚሆን ትልቅ ሁለገብ ቢላዋ መርጠን አጠቃቀሙን ለተማርንበት ሥራ ነው። ቢላዋ በትምህርት ቤት ምን ይሠራል ብለው የጠየቁ ወላጆች ነበሩ። ጥያቄያቸው ተገቢ ስለነበር፣ ቢላዋው ከክበብ ሰዓት ውጭ ቢሮዬ ውስጥ ተቆልፎበት እንዲቀመጥ፣ የወላጅ ፈቃድ ያላመጣ ተማሪም እንዳይነካው አድርገናል።

በጥቅምት ከአንድ ሱቅ የገዛነው ቢላዋ ለዓይን የሚያጓጓ ነበር። ጀርባው የመጋዝ ጥርስ አለው፤ እጀታው ውስጡ ባዶ ሆኖ ክብሪት፣ መንጠቆና ክር ይይዛል፤ ክዳኑ ላይም ኮምፓስ ተገጥሞለታል። በኅዳር ግን የደረቀ የባሕር ዛፍ ግንድ ለመፍለጥ ስለቱን በእንጨቱ ራስ ላይ አሳርፈን ጀርባውን በዱላ ስንመታው፣ በአራተኛው ምት ብረቱ ከእጀታው ተነቅሎ እንጨቱ ላይ ተሰክቶ ቀረ። እጄ ላይ የቀረው ባዶ ቱቦ ነበር። ገልብጠን ስናየው ስለቱን ከእጀታው ጋር ያያዘው ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ የብረት ምላስና አንዲት ብሎን ብቻ ነበሩ። የመጋዝ ጥርሱም የምንመታበትን ዱላ ከመቦጫጨቅ በቀር የረባ ሥራ አልሠራልንም።

ከዚያ በኋላ መስፈርቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ጻፉ። የስለቱ ብረት በእጀታው ውስጥ እስከ ጫፍ የዘለቀ፣ ጀርባው ለስላሳና 5 ሚሊ ሜትር ያህል የወፈረ፣ ርዝመቱም ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንዲሆን ተስማማን፤ ከዚህ ካጠረ የክንድ ውፍረት ያለውን እንጨት አይፈልጥም፣ ከረዘመ ደግሞ ወደ ገጀራነት ይጠጋና ለጥቃቅን ሥራ ያስቸግራል። ያከራከረን የብረቱ ዓይነት ነበር። የማይዝገው ብረት እንክብካቤ አያበዛም፤ የሚዝገው የካርቦን ብረት ግን በሜዳ ላይ በተራ ድንጋይ እንኳ ቶሎ ይሳላልና እኔም ወደዚሁ አደላሁ።

በመጨረሻ ከመኪና ባሌስትራ በቀጥቃጭ እጅ አሠራነው። ጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደር በቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች በምትታወቅበት በዚህ አገር፣ ማረሻና ማጭድ ሲሠራልን የኖረውን እጅ ስንንቅ መኖራችን ያሳዝነኛል፤ ተማሪዎቼ ከወናፉ አጠገብ ቆመው ያዩት ግን እውነተኛ የኬሚስትሪ ትምህርት ነበር። ባለሙያው የጋለውን ብረት ዘይት ውስጥ ነክረው ሲያወጡት ሞረዱ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ መብላት አቃተው። አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ እንግዲህ አለቀ?» ስትላቸው «አይ ልጄ፣ እንዲህ ከተተወ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል» አሏትና፣ የተወለወለው ፊቱ የገለባ ቀለም እስኪይዝ ድረስ በዝግታ መልሰው አሞቁት።

ከመቁረጥ በፊት መሳልን ተማርን። ቢላዋውን በድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ከዚያ በግማሽ፣ እንደገናም በግማሽ ማዘንበል 22 ዲግሪ ያህል ይሰጣል፤ ይህን ማዕዘን ሳይለቁ አንዱን ጎን ሲስሉ በሌላው ጎን ጣት የሚይዘው ረቂቅ የብረት ጠርዝ ይወጣል፤ ያኔ ይገለበጣል። ሌሎቹ ደንቦች አጫጭር ናቸው፦ ክንድ በሚደርስበት ዙሪያ ሰው አይቆምም፣ ከራስ ወደ ውጭ ይቆረጣል፣ ቢላዋ አፎቱ ሳይገባ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። እኔ ራሴ አፎቱን በስለቱ በኩል ጨብጬ ስከተው ስፌቱን ሰንጥቆ ጣቴን ስለቆረጠኝ፣ አፎት ከላይ በጀርባው በኩል እንዲያዝ የሚለውን ደንብ ጨመርን።

በሚያዝያ ከጎንደር በስተ ሰሜን ወዳለው ወደ ኮሶዬ ወጥተን ከገበሬዎች እንጨት ገዛን። ሌሊቱን ዘንቦበት ስለነበር ላዩ ርሶ ነበር፤ ፈልጠን ደረቁን ልቡን አወጣንና፣ ተማሪዎቹ ስስ ፍቅፋቂው ሳይበጠስ እንደ ላባ ተጠቅልሎ እንጨቱ ላይ እንዲቀር አድርገው ፋቁት። በአንድ ክብሪት ተያያዘ።

ስንመለስ በእርጥብ የቆዳ አፎቱ ውስጥ ረስተነው ሰኞ ስናወጣው ቡናማ ነጠብጣብ ይዞ ነበር። ሁለት ተማሪዎች በአመድና በጨርቅ አሽተው አጸዱት። አሁን የስፌት መኪና ዘይት ተቀብቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከአፎቱ ውጭ ተቀምጧል።