ሸክላው አላረጀም፤ ያልገጠመው ፕሪአምፑ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ድሮ ሸክላዎችና ወደ እነርሱ ስለተመለሱ ወጣት አድማጮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በደስታ አንብቤዋለሁ። ይሁንና ጸሐፊው ማጫወቻውን ቤት ካለው ከማንኛውም አምፕሊፋየር ጋር ማገናኘት በቂ እንደሆነ ገልጸው ያለፉባት አንዲት ዓረፍተ ነገር ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አስገድዳኛለች። በማጫወቻውና በአምፕሊፋየሩ መካከል ፎኖ ፕሪአምፕሊፋየር፣ ባጭሩ ፕሪአምፕ፣ የሚባል ከመርፌው የሚወጣውን ደካማ ምልክት የሚያጎላና የሚያቃና ዕቃ ያስፈልጋልና። እኔ ራሴ እንዲሁ አምኜ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጊዜና ቀላል ያልሆነ ገንዘብ አጥፍቻለሁ፤ ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ግን በዚሁ ሰበብ ከእጄ የወጡት አሥራ አንድ ሸክላዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ካረፉ በኋላ ስልሳ የሚያህሉ ባለ 45 ዙር፣ ማለትም በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ፣ ሸክላዎች ደረሱኝ። የሚበዙት አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋሙት የአምሃ ሪከርድስ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ የካይፋ ሪከርድስ ሥራዎች ናቸው። ማጫወቻ ስላልነበረኝ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴ ለበዓል ስትመጣ አንድ ይዛልኝ መጣች፤ እኔም ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ «ኦክስ» በሚለው ቀዳዳ ሰካሁት። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ግን ከጎረቤት ግድግዳ ጀርባ የሚሰማ ሬዲዮ ይመስል ነበር። እስከ መጨረሻው ከፍቼው እንኳን ዘፋኙ ይንሾካሾካል፣ ሳክስፎኑ ይሳሳል፣ ቤዝ ጊታሩና ከበሮው ደግሞ ከናካቴው የሉም። ሸክላዎቹ ያረጁ መሰለኝ፤ የባሰባቸው የመሰሉኝን አሥራ አንዱን መርጬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በደጃፌ «ቆራሌው» እያለ ላለፈ ሰው ከባዶ ጠርሙሶች ጋር ሰጠኋቸው።

ከወራት በኋላ አንድ ወዳጄ ፎኖ ፕሪአምፕሊፋየር የሚባል ዕቃ እንደሚያስፈልገኝ ቢነግረኝ ወደ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ሄድሁ። ሻጩ ስለ ማጫወቻዬ አንዲት ጥያቄ እንኳን ሳያቀርብልኝ ከመደርደሪያው ላይ ውዱን አንሥቶ «ይኼ ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። ለሁሉም መሆኑ እውነት ነበር፤ ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ሳጥኑ ከሆዱ ሥር ባሉት ጥቃቅን መቀየሪያዎች ካልተስተካከለ በቀር ለማንም የማይሆን መሆኑን ነው። ቤት ወስጄ ሳገናኘው ከዚህ በፊት የሚንሾካሾከው ዘፋኝ አሁን ይጮህ ጀመር፤ ጥሩምባዎቹ በገቡ ቁጥር ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል። በመጨረሻ በሠፈራችን ቴፕና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ አዛውንት መጡልኝ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሳጥኑን ገለበጡና በጥፍራቸው አንዲት መቀየሪያ ወደ ግራ ገፋ አደረጓት። «ልጄ፣ ሸክላህ ምንም አልሆነ፤ ይህቺ ናት የጮኸችብህ» አሉኝ። የዚያን ዕለት ማታ ቤዝ ጊታሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ሸክላ እንዴት እንደሚቀረጽ ማወቅ ይጠይቃል። ወፍራሙ ድምፅ በሙሉ ኃይሉ ቢቀረጽ መርፌውን ወዲያና ወዲህ በሰፊው ስለሚያወዛውዘው አንዱ ቦይ ሌላውን ይነካል፣ በአንድ ገጽ የሚገባው ሙዚቃም ያጥራል፤ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ እንዳለ ቢቀረጽ «ሽሽሽ» የሚለው የሸክላው የራሱ ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ ቀራጮቹ ወፍራሙን ሆን ብለው ይቀንሱታል፣ ቀጭኑን ሆን ብለው ያጎሉታል፤ የፎኖ ፕሪአምፕ ሥራም ይህንን መልሶ ማቃናት ነው። በ20 ኸርዝ (በሰከንድ 20 ጊዜ በሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ) አካባቢ ያለውን በ1,000 ኸርዝ ካለው ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ ገደማ ከፍ ያደርገዋል፣ በ20,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ደግሞ በዚያው ልክ ዝቅ ያደርገዋል። ሁለተኛው ሥራው ከመርፌው የሚወጣውን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት አምፕሊፋየሩ ሊቀበለው ወደሚችለው መጠን ማሳደግ ነው። የእኔ «ኦክስ» ሁለቱንም አያደርግም፤ የቴፕና የሲዲ መግቢያ ነውና።

የማቃኛው ልክ አር.አይ.ኤ.ኤ. በሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ስም የሚጠራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1954 ከወጣ በኋላ ቀስ በቀስ የዓለም የጋራ ልክ ሆኗል። ይህ ለእኛ ትልቅ ግልግል ነው። የአምሃ ሸክላዎች ለመታተም መጀመሪያ ወደ ህንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ የተላኩት ልኩ ከተደነገገ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በመሆኑ፣ ብዙ ዓይነት ማቃኛ መምረጫ ስላለው ብቻ ዋጋው የናረ ፕሪአምፕ ለእነዚህ ሸክላዎች አያስፈልግም። እንዲህ ያለው ዕቃ የሚጠቅመው ለምሳሌ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀርመን አገር የቀዷቸውን ዓይነት ጥንታውያን ባለ 78 ዙር ሸክላዎች ላለው ሰው ነው፤ እነርሱ ደግሞ መርፌያቸውም ሌላ ነው።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ፕሪአምፕ ይሻላል?» ሳይሆን «በክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ካርትሪጅ፣ ማለትም መርፌውን ይዞ እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል፣ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ኤምኤም የሚባለው ሲሆን በውስጡ የሚንቀሳቀሰው ማግኔቱ ነው፤ ለምሳሌ የእኔ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ-ቪኤም95ኢ 4 ሚሊቮልት ገደማ ያመነጫል። ኤምሲ በሚባለው ውስጥ ግን የሚንቀሳቀሰው የሽቦው ጥቅል ነው፤ ከእነዚህ መካከል ስመ ጥሩው ዴኖን ዲኤል-103 የሚያወጣው 0.3 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ወደ 40 ዴሲቤል የሚጠጋ፣ ማለትም መቶ እጥፍ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ወደ 60 ዴሲቤል የሚጠጋ፣ ማለትም ሺህ እጥፍ ማጉላት ያስፈልጋል። እንግዲህ የእኔ 4 ሚሊቮልት መቶ ጊዜ ሲጎላ 400 ሚሊቮልት ሆኖ አምፕሊፋየሩ በደስታ ይቀበለዋል፤ ሺህ ጊዜ ሲጎላ ግን 4 ቮልት ይሆናል፣ ጥሩምባው ሲነፋ ደግሞ ከዚያም ይዘላል። መደብሩ የሸጠልኝ ሳጥን መቀየሪያው 60 ላይ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ዓመት ከመንፈቅ የፈጀብኝ የሁለተኛ ክፍል ማባዛት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። በየቤቱ አቧራ ለብሰው የተቀመጡት እንደ ሻንጣ የሚዘጉ የድሮ ማጫወቻዎችና ከሬዲዮ ጋር አብረው የተሠሩት ባለ እግር ሣጥኖች ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት ሴራሚክ ካርትሪጅ ነው። እርሱ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ያመነጫል፣ ማቃናቱንም በተፈጥሮው በግምት ይሠራዋል፤ ስለዚህ ፕሪአምፕ ቢገዙለት ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ድምፁን ማበላሸት ነው። እንዲህ ያለ ማጫወቻ መርፌውን ብዙ ጊዜ በ5 ግራምና ከዚያም በላይ ክብደት እንደሚጫነው፣ አዲሶቹ ግን በ2 ግራም አካባቢ እንደሚሠሩ ማስታወስም ደግ ነው፤ አንድ ብቻ የቀረን ሸክላ በዚያ ላይ አላጫውትም።

ሁለተኛው መመዘኛ ሻጮች ፈጽሞ የማያነሡት ነው። ኤምኤም ካርትሪጅ ኤሌክትሪክን የመቋቋም ልኩ 47 ኪሎ ኦም የሆነ መግቢያ ይፈልጋል፤ ይህንን ሁሉም ፕሪአምፕ ማለት ይቻላል ያሟላል። ልዩነቱ ያለው በፒኮፋራድ በሚለካው ካፓሲታንስ፣ ማለትም ገመዱና መግቢያው ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙበት መጠን ላይ ነው። ለእኔ ካርትሪጅ ፋብሪካው የሚመክረው በጠቅላላው ከ100 እስከ 200 ፒኮፋራድ ነው። ይህ ድምር የክንዱን የውስጥ ሽቦ፣ ወደ ፕሪአምፑ የሚሄደውን ገመድና የፕሪአምፑን መግቢያ አንድ ላይ ይይዛል፤ ገመዱ ብቻውን ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። የፕሪአምፑ መግቢያ ራሱ 220 ቢሆን ድምሩ ከልኩ አልፎ ይሄዳል፣ የቀጭኑ ድምፅ ጉብታም ወደ ታች ወርዶ ጆሮ ወደሚጎረብጥበት ቦታ ይመጣል። በአማርኛ ዘፈን ይህ ወዲያው ይታወቃል፤ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» ያለባቸው ቃላት ሁሉ እንደ ምላጭ ይቆርጣሉ። እኔ አንድ ሜትር ተኩል የነበረውን ገመድ በአጭርና በተሻለ ቀይሬ፣ መግቢያውንም ወደ 100 ዝቅ ባደርገው ዘፋኟ በ«ስ» የምትጨርሳቸው ስንኞች ለሰለሱልኝ። ስለዚህ መመሪያው ላይ ይህን ቁጥር የማይጽፍ ፕሪአምፕ አልገዛም።

«እምምም» የሚለውን የማያቋርጥ ድምፅ በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፕሪአምፑ አይደለም። የመብራታችን 50 ኸርዝ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው፤ መቶና ሺህ ጊዜ የሚያጎላ ዕቃ ይህንንም አብሮ ያጎላዋል። ከማጫወቻው የሚወጣውን ጫፉ ሹካ የመሰለ ቀጭን ሽቦ በፕሪአምፑ ጀርባ ባለው ብሎን ላይ ማሰር ያስፈልጋል፤ የእኔ ለስድስት ወር ያህል ከጀርባ ተንጠልጥሎ ነበር። ቀጥሎ የሚታየው አቀማመጥ ነው። ሳጥኑን በአምፕሊፋየሩ አናት ላይ፣ ማለትም ከትልቁ ትራንስፎርመር በላይ አስቀምጬው ስለነበር፣ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ጎን ሳርቀው የቀረው «እምምም» ጠፋ። ምንም አልከፈልሁበትም።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክለት አንባቢ ደግሞ አስማሚውን (አዳፕተሩን) ገልብጦ ያንብብ። «100–240 ቮልት» ካለ ሰላም ነው፤ «120 ቮልት» ብቻ ካለ ግን በእኛ 220 ላይ ሲሰካ ዕድሜው የሰከንዶች ነው። አንዳንዶቹ ፕሪአምፖች የሚፈልጉት ዲሲ ሳይሆን ኤሲ የሚያወጣ አስማሚ ስለሆነ ሲቃጠልም ቮልቱ ስለተመሳሰለ ብቻ ሌላ መተካት አይገባም። ማጫወቻው ራሱ ፍጥነቱን ከመብራቱ የሚወስድ ሞተር ያለው ከሆነ ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር አያድነውም፤ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርምና። ለ60 ኸርዝ የተሠራው በ50 ሲዞር ባለ 45 ዙሩ ወደ 37 ተኩል ይወርዳል፣ ዘፋኙም የአባቱን ድምፅ ይዞ ይመጣል። ይህንን የትኛውም ፕሪአምፕ አያቃናውም።

ለእኛ ሸክላዎች ሁለት ተጨማሪ ነገሮችን እፈልጋለሁ። በጓዳና በቆጥ ላይ ለአምሳ ዓመት ተደራርበው የኖሩ በመሆናቸው ብዙዎቹ ተጣመዋል፤ መርፌው በተጣመመው ላይ ሲወጣና ሲወርድ ጆሮ የማይሰማው እንቅስቃሴ የስፒከሩን ወረቀት ያርገበግበዋል፣ የአምፕሊፋየሩንም ጉልበት በከንቱ ይበላል። ከ20 ኸርዝ በታች ያለውን የሚያጠልል ማጣሪያ ያለው ፕሪአምፕ ይህንን ያስቀራል። ሁለተኛው ግራና ቀኙን ድምፅ አንድ የሚያደርገው የሞኖ ቁልፍ ነው። በሞኖ የተቀዳ ሸክላ ሙዚቃውን የያዘው በጎንዮሽ እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ ግራና ቀኙ ሲደባለቁ ወደ ላይና ወደ ታች የሚፈጠረው ኮሽኮሽታ እርስ በርሱ ይጣፋል። ቁልፉ በድሮ አምፕሊፋየሮች ላይ በብዛት ስለሚገኝ ከፕሪአምፑ ላይ መፈለግ ግዴታ አይደለም። እንዲያውም ብዙዎቹ የድሮ አምፕሊፋየሮች «ፎኖ» የሚል መግቢያ ስላላቸው ፕሪአምፑ በውስጣቸው አለ፤ አንዳንድ አዳዲስ ማጫወቻዎችም ከጀርባቸው «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል መቀየሪያ አላቸው። ሁለት ፕሪአምፕ ደርቦ መጠቀም እንደ እኔ ያስጮሃል።

ስለ ዋጋ የምለው ይኼን ያህል ነው፦ ኤምኤም ላለው ሰው ተራና ትንሽ ሳጥን ይበቃል፤ የተረፈውን ገንዘብ በአዲስ መርፌ ላይ ያውለው። መርፌ እንደ ስሪቱ ከ300 እስከ 1,000 ሰዓት ይሠራል፤ ያለቀ መርፌ ግን ድምፁን ማበላሸት ብቻ ሳይሆን ቦዩን ያርሰዋል። በእኔ ጆሮ በርካሹና በውዱ ፕሪአምፕ መካከል ያለው ልዩነት በአሮጌና በአዲስ መርፌ መካከል ካለው ጋር አይወዳደርም። በዚህ የማይስማሙኝ ወዳጆች አሉ፤ እነርሱ ኤምሲ ያላቸው ናቸው፣ ለእነርሱ ነገሩ እውነትም ሌላ ነው።

የተከበሩ አዘጋጅ፣ የእነዚህ ሸክላዎች ቅጂ በየዓመቱ እየመነመነ፣ የቀረውንም የውጭ አገር ሰብሳቢዎች እየፈለጉ በሚገዙበት በዚህ ጊዜ «አርጅቷል» ተብሎ ከቤት የሚወጣው ስንቱ ደህና እንደሆነ ሳስብ ይከነክነኛል። ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ያችን ዓረፍተ ነገር እንድታርሙልኝ፣ ዓምዱም ስለ ሸክላ ዳግመኛ ሲጽፍ አንድ የድምፅ ቴክኒሻን እንዲያነጋግር በትሕትና እጠይቃለሁ። አሥራ አንዱን ሸክላዎች ያ ቆራሌው ለማን እንደሸጣቸው የሚያውቅ አንባቢ ካለም በጋዜጣችሁ በኩል ቢያሳውቀኝ በገዛበት ዋጋ ሳልከራከር እገዛዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ