22 ደረጃ መውረድ ላቃተው መሥሪያ ቤት

ለ፦ የከተማ አስተዳደሩ የአገልግሎት አሰጣጥ ኃላፊ
ጉዳዩ፦ ባለፈው ሐሙስ ስለደረሰብኝ በደል ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በዊልቸር የምንቀሳቀስ ባለጉዳይ ነኝ።

የመጣሁበትን ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ አልተርክም። ፋይሌ እናንተው ጋ ነው። አምስት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ጉዳዩ ምን እንደሆነ ደግሞ ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ውስጥ የነበረ ባለጉዳይ ሁሉ ሰምቶታል። እንዴት እንደሰማ እነግራችኋለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት ከቢሯችሁ ተደወለልኝ። የደወሉልኝ ሴት ትሑት ነበሩ፣ አመሰግናቸዋለሁ። «ሊፍቱ ገና አልተጠገነም። ግን አይጨነቁ። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ይምጡ፣ ባለሙያዋ ፋይልዎን ይዛ ታች ትወርዳለች፣ እዚያው ፈርመው ይሄዳሉ» አሉኝ። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብዬ ደግሜ ጠየቅኋቸው። «አዎ፣ ተነጋግረናል» አሉ።

ሐሙስ 3 ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። የሚወርድ ሰው የለም። ጥበቃው በውስጥ ስልክ ደወለልኝ፤ «ትጠብቅ» ተባለ። 4 ሰዓት ሆነ፣ ድጋሚ ደወለ። «ስብሰባ ላይ ናት» ተባለ። 5 ሰዓት ላይ «ሲስተም የለም» ተባለ። ፊርማዬ ከመቼ ጀምሮ ሲስተም እንደሚፈልግ አልገባኝም። ጊዜ ስለነበረኝ ደረጃውን ቆጠርኩ። ከአዳራሹ እስከ አንደኛ ፎቅ 22 ነው።

5 ሰዓት ከ40 ሲሆን አስተባባሪው ብቅ አሉ። አልወረዱም። ደረጃው ራስ ላይ ቆመው፣ አጠገቤ ወደቆመው የእህቴ ልጅ እያዩ፣ «ወንድሜ፣ ምን ፈልጋ ነው?» አሉ። ልጁ 19 ዓመቱ ነው፣ ጢም እንኳ አላበቀለም። እኔ 51 ዓመቴ ነው። «አክስቴ እዚሁ ናት፣ ራሷን ይጠይቋት» አላቸው። (አሳዳጊውን እግዜር ይስጠው።) ያኔ ወደ እኔ ዞሩና ጉዳዬን ከነዝርዝሩ ከላይ እየጮኹ ይጠይቁኝ ጀመር። ለባለሙያ ብቻ በዝግ ቢሮ የሚነገረውን ነገር አርባ ሰው ፊት «አይደል? እሱ ነው አይደል?» እያሉ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ለእኔ አፍረው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

የማክሰኞውን ቃል ነገርኳቸው። «እኔ አላውቅም። ለማንኛውም ጥበቃዎቹ ተሸክመው ያውጡሽ» አሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሌላ ቦታ፣ ደግ ሰዎች ተሸክመው ሲያወጡኝ ወድቄ ትከሻዬ ተሰብሯል። ዊልቸሬን የምገፋው በዚሁ ትከሻ ነው። ባልወድቅም ኖሮ መልሴ ያው ነበር። እኔ ባለጉዳይ ነኝ እንጂ ወደ መጋዘን የሚገባ ጆንያ አይደለሁም። ሰው ተሸክሞ አያወጣኝም ስላቸው «እንግዲያው ውክልና ስጪና ሰው ላኪ» አሉኝ። የውክልና ክፍሉ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ይህን ስነግራቸው ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ወዲያው ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለውን ተናገሩ፦ «ስንተባበርሽ ነው እንጂ ግዴታ የለብንም።»

አለባችሁ። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። አንቀጽ 2 ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም ለአካል ጉዳተኛው እንደ ሁኔታው የሚደረግ ማስተካከያን፣ መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል። ተመጣጣኝ የሚባለው ከአቅም በላይ ሸክም የማይሆነው ነው። ሕንፃውን አፍርሱ አላልኩም። አንድ ሰው አንድ ፋይልና አንድ እስክሪብቶ ይዞ 22 ደረጃ ቢወርድ መሥሪያ ቤቱ ይከብደዋል ወይ? የግል መረጃዬን በጩኸት ስለማውጣታቸው ደግሞ አንቀጽ 22 አለ። በአጋጣሚ ቁጥሩ ከደረጃችሁ ጋር አንድ ነው፤ ለማስታወስ አይከብዳችሁም።

ከተነሣ አይቀር ሌላውንም ልጨምር። መግቢያው ላይ ያሠራችሁት ራምፕ (የዊልቸር መወጫ ተዳፋት) ራምፕ አይደለም። ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሦስት ደረጃ፣ እያንዳንዱ 15። በተለምዶ የሚሠራበት ልኬት 1 ለ12 ነው፤ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት፣ ማለትም የእናንተው ቢያንስ 5 ሜትር ከ40 ርዝመት ይፈልጋል። ያሠራችሁት ግን ሁለት ሜትር አይሞላም። ሽቅብ ብቻዬን ልወጣው አልችልም፣ ቁልቁል ደግሞ ነፍሴን ነው የማስይዘው። ያም ሆኖ ሐሙስ ዕለት ሞተር ሳይክል ቆሞበት ነበር። የዊልቸር ምልክት የተለጠፈበት መጸዳጃ ቤት መወልወያና ባልዲ ማስቀመጫ ሆኗል። ስለዚህ ወደ እናንተ በመጣሁ ቁጥር ከማለዳ ጀምሮ ውኃ አልጠጣም። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ማፈር ያለብኝ እኔ አይደለሁም።

አጠገቤ መስማት የተሳናት ወጣት ተቀምጣ ነበር። የተራ ቁጥር ማሳያው ጠፍቷል፣ ተራ የሚጠራው በአፍ ነው። ቁጥሯ ሁለቴ ተጠርቶ አለፋት። የእህቴ ልጅ ወረቀቷን አይቶ ባይነግራት ኖሮ ሳትስተናገድ ትውል ነበር። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማቅረብም በዚያው ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 ተጽፏል።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ይቅርታ ብቻ ልጠይቅ ነበር። እየጻፍኩ ስሄድ በቂ ሆኖ አላገኘሁትም። ፋይሌ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ታች ወርዶ እንድፈርም ይደረግ። አስተባባሪው በስማቸው ፈርመው በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቁኝ፤ «አንቺ» ሳይሆን «እርስዎ» ብለው። ሊፍቱ እስኪጠገን ድረስ አንድ መስኮት ወደ አዳራሹ ይውረድ። ጠረጴዛና ወንበር ነው የሚፈልገው፣ ቦታውም አለ፤ የተሰበሩ ወንበሮች የተከመሩበትን ጥግ አይቼዋለሁ። ሊፍቱ ላይ «በሁለት ሳምንት ይጠገናል» የሚለው ማስታወቂያ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፤ ወይ ሊፍቱን ጠግኑ፣ ወይ ማስታወቂያውን አንሱት። ለአምስቱ ምልልስ ያወጣሁትን የትራንስፖርት ወጪም ደረሰኝ አያይዣለሁ።

በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ አቤቱታዬን ወደ ሰብዓዊ መብት ተቋምና ወደ ፍርድ ቤት እወስዳለሁ። የጥሪ መዝገቡ ስልኬ ላይ አለ፣ ምስክሮችም አሉኝ።

መልሱን በፖስታ ወይም በኢሜይል ላኩልኝ። እባካችሁ «ሁለተኛ ፎቅ መጥተሽ ፈርመሽ ውሰጂ» እንዳትሉኝ።

ከሰላምታ ጋር
ባለጉዳይዋ

ግልባጭ፦
ለከተማ አስተዳደሩ ቅሬታ ሰሚ ክፍል (አራተኛ ፎቅ ስለሆነ በጥበቃው በኩል የተላከ)