እማዬ፣ የምትኖሪበትን አርቪ ከጣሪያው ጀምረሽ እይው

እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው?

ዓመቱን ሙሉ አርቪ (በመኪና የሚጎተት ወይም የራሱ ሞተር ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት) ውስጥ ለመኖር መቁረጥሽን ከነገርሽኝ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ላይ ነው። ልከለክልሽ አይደለም የምጽፍልሽ፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የላክሽልኝን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው፤ ሁሉም የምድጃ፣ የሶፋና የመጋረጃ ናቸው። ጣሪያውን፣ ሥሩንና ጎማውን የሚያሳይ አንድም የለም። ሻጭ የሚያሳይሽ የሚያምረውን ነው፤ ከዓመት በኋላ የምትኖሪበትን ቤት የሚወስነው ግን ያላሳየሽ ክፍል ነው። ስለዚህ ለማየት ስትሄጂ ከጣሪያው ጀምረሽ ወደ ሥሩ ውረጂ፣ ሶፋው ላይ የምትቀመጪው በመጨረሻ ይሁን።

ከሁሉ አስቀድመሽ የዋስትናውን ወረቀት ጠይቂ። አብዛኛው አርቪ የሚሠራው በዓመት ጥቂት ሳምንት ለሽርሽር ለሚወጣ ሰው ተብሎ ነው፤ ብዙ አምራቾችም ቋሚ መኖሪያ ከሆነ ዋስትናው እንደሚፈርስ በግልጽ ይጽፋሉ። ሻጩ «ግድ የለም» ቢልሽ አትቀበዪው፤ የሚጸናው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው። ኢንሹራንሱም እንደዚሁ ነው፦ ለመዝናኛ የተገባ ውል ውስጡ ያለውን ንብረትሽን ላይሸፍን ይችላል፣ ለቋሚ ነዋሪ የሚሰጠውን ዓይነት ለይተሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ውኃ። አርቪን የሚገድለው ውኃ ነው። ቤቱ በተጓዘ ቁጥር ይርገፈገፋል፣ በፀሐይ ይለጠጣል፣ በብርድ ይኮማተራል። ጣሪያው ላይ ደግሞ የአየር ማናፈሻው፣ የኤሲው፣ የፍሳሽ መተንፈሻ ቱቦው፣ የሶላሩ ገመድ፣ ሁሉም የየራሳቸው ቀዳዳ አላቸው። ዝናቡን የሚከለክለው በየቀዳዳው ዙሪያ የተቀባው ማሸጊያ ብቻ ነው። ያ ማሸጊያ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቢሆንም ውኃው መንገዱን አያጣም። አንቺ መሰላል ላይ እንድትወጪ ፈጽሞ አልፈልግም። የሚወጣልሽ ሰው ይዘሽ ሂጂና እያንዳንዱን ቀዳዳ በስልክ ከቅርብ ያንሳልሽ። ጣሪያው ጎማ (ኢፒዲኤም ወይም ቲፒኦ የሚባሉት ጎማ መሰል ሽፋኖች) ወይም ፋይበርግላስ ይሆናል። እኔ ብመርጥ መጋጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ ፋይበርግላስ እመርጣለሁ፤ ጎማውም ቢሆን በየ3 ወሩ ከታየና ከታደሰ ያገለግላል። የቀድሞው ባለቤት ስንጥቁን በተራ ሲሊኮን ደፍኖት ከሆነ ግን ተጠንቀቂ፤ ሲሊኮን ጎማ ላይ በደንብ አይይዝም፣ በኋላ ትክክለኛውን ማሸጊያ ልቀባ ብትይም በላዩ ላይ አይጣበቅልሽም። የኢፒዲኤም ጣሪያ በነዳጅ ነክ ማጽጃም መታጠብ የለበትም፣ ያብጣል።

ግድግዳውን ለማየት ጠዋት ወይም ማታ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ሂጂ። ከአንዱ ማዕዘን ቆመሽ ጉንጭሽን ወደ ግድግዳው አስጠግተሽ ርዝመቱን ተመልከቺ። ደህናው ግድግዳ እንደ መስታወት ቀጥ ያለ ነው፤ የታመመው ውኃ እንደ ቋጠረ ቆዳ እዚህም እዚያም አብጦ ይታያል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የውጭው ፋይበርግላስ ከሥሩ ካለ ስስ ኮምፔንሳቶ ጋር በሙጫ የተያያዘ ነው፤ ውኃ ሲገባ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ሙጫው ይለቃል፣ ቆዳው ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ጥገናው የግድግዳውን ዋጋ ይጠይቃልና ቅናሽ ቢሰጡሽም እለፊው። ከኮምፔንሳቶ ይልቅ የማይበሰብስ ሰው ሠራሽ ሰሌዳ፣ ከእንጨት ይልቅ የአሉሚኒየም ማዕቀፍ ያለውን አስቀድሚ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተሽ ከየመስኮቱ ሥር፣ ከየቁም ሳጥኑ ጥግና ከአልጋው ራስጌ በአውራ ጣትሽ ጫን ጫን አድርጊ፤ መስመጥ የለበትም። ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ ርካሽ መሣሪያ ነው፣ ይዘሽ ሂጂ። እንጨቱ ላይ እስከ 15 በመቶ ካነበበ ደህና ነው፤ ከ20 በላይ ከሆነ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። የተዘጋ ቁም ሳጥን ስትከፍቺ ሽታውንም አስተውይ። አዲስ ምንጣፍ ወይም ጠንከር ያለ ሽቶ ካጋጠመሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂ።

በቁልፍ ወደ ውጭ የሚገፋው ተንሸራታች ክፍል ቤቱን ሰፊ ያደርገዋል፣ ግን ዙሪያውን በሙሉ በጎማ የታሸገ ትልቅ ቀዳዳ ነው፤ ክብደትም፣ ሞተርም አለው። ለአንቺ አንድ ይበቃሻል፤ ከሁለት በላይ ያለውን ባታይው እወዳለሁ። ሁለት ጊዜ ያስወጡት፣ ያስገቡት፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልሄዱ የሚንሸራተትበት መንገድ ተጣሟል ማለት ነው። የሚወጣውን ክፍል ወለል ውጫዊ ጥግ በእግርሽ ተጫኚው፤ መስመጥ የለበትም። ሌላው፣ ክፍሉ ገብቶ እያለ ሽንት ቤቱና አልጋው ጋ መድረስ መቻልሽን ሳታረጋግጪ አትውጪ፤ መንገድ ዳር አረፍ ስትዪ ያስፈልግሻል።

ክብደቱ ደግሞ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። በሰሜን አሜሪካ በተሠሩት ላይ በመግቢያው በር አካባቢ ቢጫ መለያ ተለጥፎ ታገኚያለሽ። ተሳቢ ከሆነ የምትጭኚው ዕቃ ከስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለበት ይነግርሻል፤ ሞተር ያለው ከሆነ የሰዎቹም ክብደት ከዚያው ይቀነሳል። ንጹሕ ውኃውም ጭነት ነው፤ 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው። መለያው 600 ኪሎ የሚል ከሆነና ታንከሩ 200 ሊትር የሚይዝ ከሆነ፣ ታንከሩ ሲሞላ ለልብስሽ፣ ለዕቃሽ፣ ለምግብሽና ለተጨማሪው ባትሪ የሚቀርሽ 400 ብቻ ነው። ለሽርሽር ይበቃል፤ ዓመቱን ለሚኖርበት ሰው ግን ጠባብ ነው። ከውኃው ሌላ 700 ኪሎ ያህል የማይችለውን ባትገዢ ይሻላል። ከአቅም በላይ ሲጫን መጀመሪያ የሚጎዳው ጎማው ነው፦ ይሞቃል፣ ይፈነዳል፣ የፈነዳው ጎማ ደግሞ እየተገረፈ የሥሩን ቧንቧና የጋዝ መስመር ይቦጭቃል። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ በአራት አሃዝ የተጻፈውን ፈልጊ፤ 3521 ካለ በፈረንጆች 2021 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከ5 ወይም ከ6 ዓመት በላይ ከሆነ የአዲስ ጎማ ዋጋ ከሂሳቡ ላይ ይቀነስልሽ። ሥር ገብቶ የሚያይልሽ ሰው ባሌስትራው ሻንሲው ላይ የሚታሰርበትን ብየዳ በእጅ ባትሪ ይመልከት፤ ስንጥቅ፣ ወይም ከቀለሙ ሥር በመስመር የሚወጣ ዝገት ካለ ሻንሲው እየተጣመመ ነው። በሩ ቆሞ ሳለ የሚገጥም፣ ከተጓዘ በኋላ ግን የሚያስቸግር ከሆነም ምልክቱ ያው ነው።

ተሳቢ ይሻላል ወይስ ሞተር ያለው ብለሽ ነበር። አንድ ቦታ ወር፣ ሁለት ወር የምትቀመጪ ከሆነ ተሳቢ፤ በየሳምንቱ የምትንቀሳቀሺ ከሆነ ሞተር ያለው። ሞተር ያለው ሲበላሽ ቤትሽም አብሮ ጋራዥ ይገባልና የምታድሪበትን አስቀድመሽ አስቢ።

ስለ ብርድ፣ «ለአራቱም ወቅት የሚሆን» የሚለውን ጽሑፍ አትመኚው፤ እያንዳንዱ አምራች በራሱ ፍቺ ነው የሚጠቀምበት። የምታይው ሌላ ነው፦ የውኃና የፍሳሽ ታንከሮቹ የታሸገ ወለል ውስጥ ናቸው ወይ? ከማሞቂያው ሙቅ አየር ይደርሳቸዋል ወይ? የመክፈቻ ቫልቮቹስ ሙቀቱ ውስጥ ናቸው ወይስ ውጭ ተንጠልጥለው? ቫልቭ ከቀዘቀዘ ፍሳሽ መድፋት አይቻልም። መስኮቱ ድርብ መስታወት ይሁን፤ ካልሆነ በብርድ ጠዋት ላብ ያንጠባጥባል። ጋዝ ራሱ እርጥበት ነው፤ 1 ኪሎ ፕሮፔን ምድጃ ላይ ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ምግብ ስትሠሪ ማናፈሻውን ክፈቺ፣ በምድጃው ቤቱን አታሙቂ። የፍራሽሽ ሥር አየር እንዲያልፍበት የተሸነቆረ ወይም ርብራብ ይሁን፤ ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ፣ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል፤ የሊቲየሙ (ሊቲየም ብረት ፎስፌት) የያዘውን ኃይል አብዛኛውን ይሰጥሻል፣ ቀላልም ነው፣ ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች እያለ ከተሞላ ይበላሻል። የተቀመጠበት ቦታ ሙቀት ያለው ይሁን።

የፍሳሹን ታንከር ቫልቭ፣ የፍሳሽ መስመር ላይ ተያይዘሽ ብትቀመጪም፣ ክፍት አትተዪው። ፈሳሹ ሄዶ ጠጣሩ ይቀርና ይከመራል። ሁለት ሦስተኛ እስኪሞላ ዘግተሽ ቆዪና በአንድ ጊዜ ልቀቂው።

አሁን የአንቺን ነገር ልንገርሽ። የመግቢያው ደረጃ መሬት ላይ ተደግፎ የሚቆም ይሁን እንጂ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ አይሁን፤ የእጅ መያዣውንም በሙሉ ክብደትሽ ሳቢው። አልጋው በሁለቱም በኩል መውረጃ ይኑረው። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስትሄጂ የምትወጪው ደረጃ ካለ አይሆንም። ጋዝ ጠቋሚው ወለል አጠገብ መሆን አለበት፣ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል። የእሱንም፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚውንም ቀን ከጀርባቸው አንብቢ፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 7 ዓመት ነውና ያለፈበት ከሆነ ድምፅ ቢያሰማም አትመኚው። መኝታ ቤቱ ውስጥ ቀይ እጀታ ያለው የማምለጫ መስኮት አለ። ሰው አያሳይሽ፤ ራስሽ እጀታውን አንሺ፣ ገፍተሽ ክፈቺው፣ ከአልጋው ላይ ተነስተሽ በዚያ መውጣት ትችያለሽ ወይ ብለሽ መጠኑን እዪ። ለዓመታት ሳይከፈት ቆይቶ ጎማው ተጣብቆ የሚያስቸግር ብዙ ነው። በአንቺ ክንድ የማይከፈት ከሆነ ለአንቺ መስኮት የለውም።

ልብሽ የወደደውን ስታገኚ፣ ከመፈረምሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂልኝ። አንደኛ፣ ከሻጩ ጋር ንክኪ የሌለው መርማሪ ይየው፣ የአየር ግፊት ፍተሻም ያድርግ፤ በማናፈሻ አየር ወደ ውስጥ እየነፉ ከውጭ መጋጠሚያውን ሁሉ የሳሙና ውኃ ሲቀቡት፣ አረፋ ያወጣው ቦታ ዝናብ የሚያስገባ ነው። ሁለተኛ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ውኃና መብራት አያይዘው አንድ ሌሊት ያሳድሩሽ። ማሞቂያውን፣ ሙቅ ውኃውን፣ ፍሪጁን፣ ኤሲውን፣ ሁሉንም አብሪው። ጠዋት ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ከፍተሽ ቧንቧው ላይ ደረቅ ሶፍት አሽከርክሪበት።

ይህን ስታደርጊ የቢጫውን መለያ፣ የጎማዎቹን አራት አሃዝና የጣሪያውን ቀዳዳዎች ፎቶ ላኪልኝ። በዚያው ቀን እደውልልሻለሁ።

የምትናፍቂኝ ልጅሽ